"እኩል ይሆናል" የሌለው ካልኩሌተር፦ ከ11 ወር በኋላ

ኤችፒ 12ሲ የሚባለውን የፋይናንስ ካልኩሌተር ከገዛሁ 11 ወር ሆነኝ። ከዚያ በፊት ሁለት ዓመት ያህል በቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ቢኤ ቱ ፕላስ ነው የሠራሁት። እሱንም አልሸጥኩትም፣ መሳቢያዬ ውስጥ አለ፣ አሁንም የማወጣበት ጊዜ አለ። ሥራዬ የብድር ጥያቄ መመርመር ነው። የወር ክፍያ፣ ወለድና ቀሪ ዕዳ ሳሰላ ነው የምውለው።

"በዚህ ዘመን ስልክህ ላይ አፕ ብትጭን አይሻልም?" የሚለኝ ብዙ ነው። ሞክሬዋለሁ። ደንበኛ ፊት ለፊትህ ቁጭ ብሎ ስልክ ስትነካካ መልእክት የምታይ ነው የሚመስለው፣ ደግሞ መሃል ላይ ጥሪ ይገባል። ኤክሴል ለትልቅ ሥራ ወደር የለውም። ግን ሰውዬው "አምስት ዓመቱን ወደ አራት ብናወርደውስ?" ሲል ፋይል ከመክፈት ሁለት ሦስት ቁልፍ መጫን ይቀላል። የሲኤፍኤ (የኢንቨስትመንት ባለሙያዎች) ፈተና ልትቀመጡ ከሆነማ ብዙ አትጨነቁ፤ የሚፈቀዱት እነዚህ ሁለቱና የቅርብ ዘመዶቻቸው (12ሲ ፕላቲነም፣ ቢኤ ቱ ፕላስ ፕሮፌሽናል) ብቻ ናቸው።

12ሲ እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣ ዕቃ ነው፣ እስከ ዛሬም ይሸጣል። "እኩል ይሆናል" የሚል ቁልፍ የለውም። መጀመሪያ ቁጥሮቹን ታስገባለህ፣ ምን እንደሚደረግባቸው በመጨረሻ ትነግረዋለህ። 5 ሲደመር 3፣ ውጤቱ በ7 ሲቀነስ 2 ይባዛ እንበል። 5፣ ኢንተር፣ 3፣ መደመሪያ፦ 8 ይላል። 7፣ ኢንተር፣ 2፣ መቀነሻ፦ 5 ይላል። ማባዣውን ስትጫን 40። ቅንፍ የሚባል ነገር የለም። የመጀመሪያው ሳምንት በጣም አናዶኝ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር ልመልሰው ሁሉ አስቤ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ግን ጣቴ ለመደው። የወደድኩት እያንዳንዱን መካከለኛ ውጤት እያሳየ መሄዱን ነው፤ 8 ማለት የነበረበት 80 ካለ እዚያው ትይዘዋለህ፣ መጨረሻ ላይ ደርሰህ የቱ ጋ ተሳሳትኩ ብለህ እንደ አዲስ አትጀምርም። ቢኤ ቱ ፕላስ ላይ 3 ሲደመር 2 ሲባዛ 4 ብትሉት፣ ከፋብሪካ በመጣበት አኳኋን 20 ይላችኋል። 11 እንዲል ከፈለጋችሁ ቅንብሩ ውስጥ ገብታችሁ መቀየር አለባችሁ።

ደግሞ አንድ ያልጠበቅኩት ጥቅም አለው፤ ማንም አይበደረኝም። አንድ ባልደረባዬ ለሁለት ደቂቃ ወስዶት "ይሄ ነገር ተበላሽቷል" ብሎ መለሰልኝ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። እነዚህ ማሽኖች የሚያዋርዱህ በማይችሉት ነገር ሳይሆን በሚያስታውሱት ነገር ነው። ትናንት ያስቀመጥከውን ቅንብር ዛሬም ይዘውት ይነሳሉ። አንድ ከሰዓት ክፍያው ወር ሲጀምር የሚከፈል የኪራይ ውል አሰላሁ፣ ለዚህም "ቢጊን" የሚለውን አበራሁ። በነጋታው ጠዋት ደንበኛ መጣ፦ 500,000 ብድር፣ 12 በመቶ የዓመት ወለድ፣ 5 ዓመት፣ በየወሩ መጨረሻ የሚከፈል። 11,012.10 አልኩት። እሱም ወረቀት ላይ ጻፈው። አለቃዬ በኤክሴል ሲያየው 11,122.22 ሆነ። በወር 110 ምናምን፣ በ60 ወር ከ6,600 በላይ ልዩነት ማለት ነው። ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኩ፣ ምን አደርጋለሁ።

ጥፋቱ የማሽኑ አይደለም። የማታውን ቢጊን ሳላጠፋው ነው የቀረሁት፤ ቃሉ ስክሪኑ ግርጌ ላይ በትንሹ ተጽፎ ነበር፣ እኔ ነኝ ያላየሁት። ግን ልብ በሉ፦ የፋይናንስ ቁጥሮቹን የሚያጠፋው ቁልፍ ቢጊንን አያጠፋም። ሁለቱም ላይ እንደዚያው ነው። ቢኤ ቱ ፕላስ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፣ በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚከፈል የሚያዝበት ቅንብር። እሱ 1 ላይ ሆኖ 60 ወርና 12 በመቶ ብታስገቡ ወርሃዊ ክፍያው 60,066.92 ይላችኋል። ይሄኛው ስህተት እንኳን ጥሩ ነው፣ ለማንም ይታያል። የኔው 110 ነው የሚያስፈራው። 12ሲ ይህ ቅንብር ጭራሽ የለውም፤ ጂ የሚለውን ሰማያዊ ቁልፍ ስትጠቀም ዓመቱን በ12 ያባዛልሃል፣ ወለዱን በ12 ያካፍልልሃል፣ 60 እና 1 ሲል በዓይንህ ታያለህ። ወደ እሱ የዞርኩበት ትልቁ ምክንያት ይሄ ነው።

ታዲያ ቢኤ ቱ ፕላስን ለምን አወጣዋለሁ? አንደኛ፣ 12ሲ የክፍያ ብዛት ሲፈልግ ክፍልፋዩን ወደ ላይ ያጠጋጋል። ያንኑ 500,000 ብድር በወር 12,000 ብከፍል በስንት ወር ያልቃል ብትሉት 55 ይላል። ቢኤ ቱ ፕላስ 54.17 ነው የሚለው። 55ኛው ክፍያ ትንሽ እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል፣ ለማያውቅ ግን ያሳስታል። ሁለተኛ፣ የፕሮጀክት የገንዘብ ፍሰት አስገብቶ አይአርአር (ፕሮጀክቱ በዓመት ስንት በመቶ እንደሚያስገኝ) ለማውጣት ቢኤ ቱ ፕላስ በጣም ይመቻል። እያንዳንዱ ዓመት ስሙን ይዞ ይመጣል፣ በቀስቱ ወደ ላይ ወደ ታች እያልክ ሦስተኛው ዓመት ላይ የተሳሳተውን ብቻ ታርማለህ። 12ሲም ያወጣዋል፣ ግን የቱ ቁጥር የቱ ጋ እንዳለ በጭንቅላትህ መያዝ አለብህ። እኔ ከአራት ዓመት በላይ የሆነ ፍሰት በእሱ አልነካም።

ስለ አካሉ ብዙ የምለው የለኝም። ቁልፎቹ ቀጭ ይላሉ፣ ተጭኜዋለሁ ወይስ አልተጫንኩም ብዬ ተጠራጥሬ አላውቅም። ድሮ የነበረኝ አንዱ (ስሙ ይቅር) 8ን አንዳንዴ ሁለቴ ይጽፍ ስለነበር ይሄ ለኔ ቀላል ነገር አይደለም። ባትሪ እስካሁን አልቀየርኩም። ስክሪኑ የራሱ መብራት የለውም፣ መብራት ደብዘዝ ያለበት አዳራሽ ውስጥ አይረባም። ሰማያዊዎቹን ጽሑፎች ለማንበብም ዓይን ይጠይቃል።

ያገለገለ የምትገዙ ካላችሁ፣ ገንዘቡን ከመስጠታችሁ በፊት የኔን ብድር አስገቡበት፦ 5 ጂ ኤን (ጊዜው)፣ 12 ጂ አይ (ወለዱ)፣ 500000 ፒቪ (ብድሩ)፣ 0 ኤፍቪ (መጨረሻ ላይ የሚቀረው)፣ ከዚያ ፒኤምቲ (ክፍያው)። 11,122.22 ከፊቱ የመቀነስ ምልክት ይዞ መምጣት አለበት፣ ከኪስ የሚወጣ ስለሆነ። 11,012.10 ካለ ግን ተበላሽቷል ብላችሁ አትመልሱት። ስክሪኑን ከታች በኩል ጠጋ ብላችሁ እዩት።