በነጻ ለሚሠራ ሥራ በዶላር አትክፈሉ፦ «ሞዴላችሁን በራሱ እንሞላለን» ስለሚሉ ሻጮች

የድርጅታችሁን የኮምፒውተር ሥርዓቶች አርኪ (Archi) በተባለው ሶፍትዌር ሞዴል፣ ማለትም ኤለመንት በሚባሉ ሳጥኖች የተሠራ ሥዕል፣ አድርጋችሁ የያዛችሁ ሁሉ ልብ በሉ። «እያንዳንዱ ኤለመንት ላይ ባለቤቱን፣ የአስፈላጊነት ደረጃውንና የሚይዘውን የመረጃ ዓይነት በራሱ የሚሞላ ሶፍትዌር አለን» የሚል ሻጭ ከመጣባችሁ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ይህን አንብቡ። በየዓመቱ በዶላር የሚታደስ ፈቃድ የሚጠየቅበት ይህ አገልግሎት አብዛኛው ክፍሉ አርኪ ውስጥ በነጻ ተቀምጧል። የቀረውን ስክሪፕት (ተደጋጋሚ ሥራን በራሱ የሚያስኬድ አጭር ፕሮግራም) መጻፍ የሚችል አንድ ባለሙያ ይጨርሰዋል።

ሻጩን በስም አልጠራም። የምጽፈው ግዢው ካለቀ በኋላ ርክክቡን እንድመረምር በተጠራሁበት መሥሪያ ቤት ያየሁትን ነው።

ፍላጎቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የትኛው ሥርዓት የደንበኛን ስልክ፣ የትኛው የጤና መረጃውን እንደሚይዝ ለይቶ ማወቅ የሕግ ክፍሉም ጥያቄ ሆኗል። በሞዴሉ ውስጥ ያሉትን በመቶ የሚቆጠሩ ሳጥኖች አንድ በአንድ እየከፈቱ መሙላት ደግሞ አሰልቺ ነው፤ ስህተትም ያበዛል። ሻጩም የሚመጣው በዚሁ መሰላቸት በኩል ነው።

ማሳያው ያምራል። አንድ ቁልፍ ሲጫን ሳጥኖቹ በሙሉ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ይለብሳሉ፤ የስብሰባው አዳራሽ ያጨበጭባል። ቀለም ግን መረጃ አይደለም። ጥያቄው ያ መረጃ የት ተጻፈ የሚለው ነው፤ በማሳያው ላይ ይህን የሚጠይቅ ሰው ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ማረጋገጥ ቀላል ነው። ምስል ያልገባበት የአርኪ ፋይል ተራ የኤክስ.ኤም.ኤል. (XML፣ በምልክት የተከፋፈለ) ጽሑፍ ስለሆነ በማንኛውም የጽሑፍ ማረሚያ ይከፈታል። በትክክል የተሞላ ኤለመንት ከሥሩ «ፕሮፐርቲ» የሚሉ መስመሮች ይኖሩታል፤ በእያንዳንዱ መስመር ላይ አንድ ቁልፍ (የመረጃው ስም) እና አንድ ዋጋ (ይዘቱ) ይታያል፤ ለምሳሌ ቁልፉ «ባለቤት»፣ ዋጋው «የብድር መምሪያ»። እኔ የከፈትኩት ፋይል ውስጥ አብዛኛው ኤለመንት እንዲህ ያለ መስመር አልነበረውም። ባለቤቱም፣ ደረጃውም፣ የመረጃው ዓይነትም በኤለመንቱ የማብራሪያ ሳጥን መጨረሻ ላይ በዘንግ ምልክት (|) ተለያይተው እንደ አንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር ተለጥፈዋል። ይህን ለይቶ የሚያነበው የሻጩ ሶፍትዌር ብቻ ነው። ፈቃዱ ያለቀ ቀን መረጃው ላም አለኝ በሰማይ ይሆናል፦ ፋይሉ ውስጥ አለ፣ ግን የግል መረጃ የሚይዙትን ሥርዓቶች ብቻ ዘርዝርልኝ ብትሉት የሚመልስላችሁ የለም።

በትክክለኛው ቦታ የገቡት ጥቂቶቹም ጤነኞች አልነበሩም። አርኪ በአንድ ኤለመንት ላይ አንድ ዓይነት ቁልፍ ደጋግሞ መያዝን አይከለክልም። የሻጩ መሣሪያ በሠራ ቁጥር አሮጌውን ዋጋ በማደስ ፈንታ አዲስ መስመር ስለሚጨምር፣ አንድ ሥርዓት ሁለት «ባለቤት» ይዞ ተገኘ፤ አንዱ የቀድሞው መምሪያ፣ ሌላው የአሁኑ። ከዚህ የባሰው ደግሞ ኤለመንቶችን የሚለየው በመለያ ቁጥራቸው ሳይሆን በስማቸው መሆኑ ነው። «የደንበኞች መረጃ» የሚል አፕሊኬሽንና «የደንበኞች መረጃ» የሚል የዳታ ኦብጀክት (መረጃውን ራሱን የሚወክል ኤለመንት) በአንድ ሞዴል ውስጥ መኖራቸው የተለመደ ነው፤ መሣሪያው ሁለቱንም አንድ አድርጎ ሞላቸው። ስማቸው የተስተካከለ ኤለመንቶች ደግሞ ባዶ ቀሩ። ቁልፎቹ ራሳቸው በአንድ ቦታ «ሥርዓት»፣ በሌላ ቦታ «ስርአት» ተብለው ተጽፈዋል፤ ለሰው አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተር ሁለት።

አሁን በነጻ ወደሚገኘው እንምጣ። አርኪ በእንግሊዝ አገር በቦልተን ዩኒቨርሲቲ ተጀምሮ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ክፍያ የሚሰጥ ሶፍትዌር ነው። ሞዴሉን ወደ ሲ.ኤስ.ቪ. (CSV፣ እንደ ሠንጠረዥ የሚከፈት ተራ ጽሑፍ) መላክ የሚል ትእዛዝ አለው፤ ሦስት ፋይሎች ያወጣል፦ የኤለመንቶች፣ የግንኙነቶችና የፕሮፐርቲዎች። ሦስተኛው ፋይል ሦስት ዓምዶች ብቻ አሉት፦ የኤለመንቱ መለያ፣ ቁልፉ፣ ዋጋው። ያንን በኤክሴል ከፍታችሁ የጎደለውን ትሞላላችሁ፤ የመምሪያዎቹን ዝርዝር ከሌላ ሠንጠረዥ በቀመር ታመጣላችሁ፤ ሦስቱን ፋይሎች በአንድ ማኅደር አድርጋችሁ መልሳችሁ ታስገባላችሁ። መለያው ከተመሳሰለ አርኪ ነባሩን ኤለመንት ያድሳል እንጂ አዲስ አይፈጥርም። ሻጩ በትልቅ ገንዘብ የሚያቀርበው «በጅምላ መሙላት» ይኸው ነው። ከማስገባታችሁ በፊት የሞዴሉን ቅጂ አስቀምጡ።

በአማርኛ ለምንሠራ አንድ ነገር ልጨምር። ስትልኩ የጽሑፍ ኮድ ምርጫ ይመጣል፤ ዩ.ቲ.ኤፍ. 8 ከቦም ጋር (UTF-8 BOM) የሚለውን ካልመረጣችሁ ኤክሴል ፊደሎቻችንን ወደማይነበብ ምልክት ሊቀይራቸው ይችላል። ከኤክሴል ስታስቀምጡም «ሲ.ኤስ.ቪ. ዩ.ቲ.ኤፍ. 8» የሚለውን ምረጡ። የተበላሸ ፊደል ይዛችሁ ብትመልሱ ሞዴሉ ራሱ ይበላሻል።

በየሳምንቱ የሚደጋገም ሥራ ከሆነ ደግሞ ጄአርኪ (jArchi) የተባለ፣ አርኪ ላይ ስክሪፕት የሚያስኬድ ተጨማሪ አለ፤ ምንጭ ኮዱ በይፋ ይገኛል፣ ቋንቋው ጃቫስክሪፕት ነው። የአፕሊኬሽን ኤለመንቶችን ሁሉ መርጦ በእያንዳንዱ ላይ «ባለቤት» የሚለውን ማስቀመጥ ጥቂት መስመር ይፈጃል። ትእዛዙ በተለመደው አሠራሩ ነባሩን ዋጋ ያድሳል፤ ድርብ የሚሆነው ሆን ተብሎ ድርብ ይሁን ሲባል ነው። የሻጩ መሣሪያ ለምን እንደዚያ እንደተደረገ አላውቅም፤ እንዝህላልነት ይመስለኛል።

አርኪ የማትጠቀሙም ከዚህ ነጻ አይደላችሁም። ኢንተርፕራይዝ አርክቴክት በተባለው ሌላ የሞዴል ሶፍትዌር መረጃው «ታግድ ቫልዩ» ተብሎ በዳታቤዙ ውስጥ የራሱ ሠንጠረዥ ስላለው ተራ የኤስ.ኪው.ኤል. (የዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋ) ጥያቄ ያወጣዋል። ከማትላብ ጋር በሚሠራው ሲስተም ኮምፖዘር በተባለው የሞዴል መሣሪያ ግን ጠንቀቅ በሉ፤ የስቴሪዮታይፖቹ (ኤለመንቶቹ ምን ዓይነት መረጃ እንደሚይዙ የሚወስኑት ቅጾች) ትርጉም የሚቀመጠው ከሞዴሉ ውጪ በሆነ የፕሮፋይል ፋይል ውስጥ ነው። ሞዴሉን ብቻ ተረክባችሁ ፕሮፋይሉ በሻጩ እጅ ከቀረ፣ በየኮምፖነንቱ (በየሞዴሉ ክፍል) ላይ ያለው ክብደት ወይም ዋጋ ከምን እንደመጣ የሚነግራችሁ ይጠፋል። ስክሪፕቱንም ሊነበብ በማይችል ፒ ፋይል (የማትላብ የተሸፈነ የኮድ ፋይል) ካስረከቡ አትቀበሉ፤ ማረም የማትችሉትን ነገር ነው የገዛችሁት።

ስለ ክፍያው፦ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፏል። በዶላር የተጻፈ ዓመታዊ ፈቃድ የፈረመ መሥሪያ ቤት በአንድ የበጀት ዓመት ውስጥ ምን እንደሚገጥመው ከዚህ በላይ ማስረዳት አያስፈልግም። የግድ መግዛት ካለባችሁ ሥራውን በብር፣ በአንድ ጊዜ ክፍያ ግዙ። ውሉ ላይም መረጃው በኤለመንቱ ፕሮፐርቲ ውስጥ እንደሚቀመጥ፣ ስክሪፕቱ በሚነበብ መልኩ እንደሚሰጥና ርክክቡ የሚፈጸመው የሻጩ ሶፍትዌር በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሞዴሉ ተከፍቶ ከታየ በኋላ መሆኑን አስጽፉ። ሻጩ ይህን የመጨረሻውን ሲሰማ ፊቱ ከተለወጠ መልሱን አግኝታችኋል።

ፈርማችሁ ከሆነም ፈቃዱ ሳይዘጋ የሚሠራ ነገር አለ። በማብራሪያው ሳጥን የተለጠፈው ጽሑፍ በኤለመንቶች ሲ.ኤስ.ቪ. ፋይል ውስጥ በራሱ ዓምድ ከመለያው ጋር ይወጣል። በኤክሴል በዘንግ ምልክቱ ከፋፍሉት፣ መለያ፣ ቁልፍና ዋጋ አድርጋችሁ በፕሮፐርቲዎች ፋይል ውስጥ ደርድሩት፣ ድርቦቹን ከራሱ ከሞዴሉ ውስጥም አስወግዱ፣ መልሳችሁ አስገቡ። ከዚያ የእድሳት ደብዳቤው ሲመጣ የግዢ ክፍሉ እንዳይፈርም አስቀድማችሁ በጽሑፍ አሳውቁ፤ አንዳንዱ ውል ከማለቁ በፊት ተቃውሞ ካልቀረበ በራሱ ይታደሳልና።