በነጭ ጓንት ሸጡልኝ፣ በባዶ አውራ ጣት ሰበሩብኝ

ውድ ካርትሪጅ (የሸክላ ማጫወቻ ክንድ ጫፍ ላይ የሚገጠመውን፣ መርፌውን የያዘውን ዕቃ) ልትገዙ ያሰባችሁ ወዳጆቼ፣ በተለይ ሙቪንግ ኮይል የሚባለውን፣ ከመርፌው ጋር ጥቅል ሽቦ የሚንቀሳቀስበትን ዓይነት፣ እባካችሁ ይህን ሳታነቡ ገንዘባችሁን አታውጡ። ንዴቴ ገና አልበረደም። እስኪበርድ ብጠብቅ ደግሞ እንደማልጽፈው ስለማውቅ አሁኑኑ ልናገር።

ሻጩን ታውቁታላችሁ። ስሙን ባልጠራም ዓይነቱን ሁላችሁም አግኝታችሁታል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚያወራው። ሸክላ ሊያነሳ ሲል ነጭ ጓንት የሚያጠልቀው። ዋጋ ስትጠይቁት ፈገግ ብሎ «መጀመሪያ እንስማ» የሚላችሁ። የሚያሰማችሁ ደግሞ ራሱ በመረጠው ሸክላ፣ ሁልጊዜ የመጀመሪያውን ዘፈን ብቻ ነው። «እስቲ የመጨረሻውን አስጀምርልኝ» ስትሉት ወሬ ይቀይራል። ለምን እንደሚቀይር አሁን ገብቶኛል። መርፌው ወደ መሃል በተጠጋ ቁጥር የእያንዳንዱ ዙር ርዝመት እያጠረ ይሄዳል። ፍጥነቱ ያው 33⅓ ዙር በደቂቃ ነው፣ ሙሉ በሙሉ በተቀረጸ ትልቅ ሸክላ ላይ ግን የመጨረሻው ዙር የመጀመሪያውን ግማሽ እንኳ አያክልም። ያን ሁሉ ድምፅ በዚያች አጭር ቦይ ውስጥ ማንበብ ለመርፌው ፈተና ነው። ያለቀ መርፌም፣ በቅጡ ያልተገጠመ ካርትሪጅም የሚጋለጠው እዚያ ነው። የመጀመሪያው ዘፈን ላይ ሁሉም ነገር ያምራል።

እኔ የምፈልገውን አውቄ ነው የሄድኩት። ዳይሬክት ድራይቭ፣ ማለትም ሞተሩ ያለ ቀበቶ በቀጥታ የሚያዞረው ማጫወቻ ነበር ያማረኝ። ገና ስሙን ስጠራ «እሱ የዲጄ ዕቃ ነው፣ ለእርስዎ ጆሮ አይመጥንም» አለኝ። ቴክኒክስ ኤስፒ-10 የተባለውን ዳይሬክት ድራይቭ ማጫወቻ እ.ኤ.አ. በ1970 ሲያወጣ የሬዲዮ ጣቢያዎች ሳይቀሩ የተጠቀሙበት ማሽን እንደነበር፣ ዲጄዎቹ የወደዱት ኤስኤል-1200 የመጣው ከእሱ በኋላ በ1972 እንደሆነ ነገርኩት። አልሰማኝም። በአናቴ ላይ አሻግሮ የሥራ ባልደረባውን አየና ፈገግ አለ። ያቺ ፈገግታ እስካሁን አንጀቴን ታቃጥለኛለች።

ለማንኛውም፣ እሱ ያቀረበልኝ በቀበቶ የሚዞር ማጫወቻ፣ ቀለል ያለ ቶንአርም (ካርትሪጁን የሚሸከመው ክንድ) እና «አዲስ፣ ገና ያልተከፈተ» ያለው ሙቪንግ ኮይል ካርትሪጅ ነበር። ማጫወቻው ላይ ቅሬታ የለኝም። ካርትሪጁ ግን የመርፌው እገዳ፣ ማለትም መርፌውን የያዘው ላስቲክ፣ ደረቅ የሆነ ዓይነት ነው። ስለዚህ ጠየቅኩት። «ይህ ካርትሪጅ ከዚህ ቀላል ክንድ ጋር ይስማማል?»

ጥያቄው የዋዛ አይደለም። የክንዱና የካርትሪጁ ክብደት ባንድ ላይ፣ መርፌውን የያዘው ላስቲክ ደግሞ እንደ ስፕሪንግ ሆኖ፣ ሁለቱ የራሳቸው መወዛወዣ ፍጥነት አላቸው። ያ ፍጥነት ከ8 እስከ 12 ኸርዝ (በሰከንድ ከ8 እስከ 12 ጊዜ መወዛወዝ) ገደማ ላይ ቢያርፍ ይመረጣል። ከዚያ ከወረደ ሸክላው ትንሽ በተጣመመ ቁጥር፣ ወይም ሰው ወለሉ ላይ በተራመደ ቁጥር ክንዱ ይዋዥቃል። ከዚያ ከወጣ ደግሞ ወደ ሙዚቃው ባስ መጠጋት ይጀምራል። ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚሠራውን ዴኖን ዲኤል-103 የተባለ ሙቪንግ ኮይል ካርትሪጅ የሞከራችሁ ታውቁታላችሁ። እገዳው ደረቅ ስለሆነ ከበድ ያለ ክንድ ላይ ሲቀመጥ ሌላ ካርትሪጅ ይመስላል፣ ቀላል ክንድ ላይ ደግሞ ይነጫነጫል።

መልሱ ምን ነበር? «ይሄ የኢንተርኔት ሂሳብ ነው። እኛ በጆሮ ነው የምንሠራው።» ባልደረባው ሳቀ። የሚያውቀውን ነገር ይመልስልኛል ብዬ ነበር የጠበቅኩት። ሰውየው ግን ጥያቄዬን ራሱ ነውር አደረገው።

ከዚያ ካርትሪጁን «እርስዎ እንዳይቸገሩ እኔው ልግጠመው» ብሎ ወደ ጓዳ ይዞት ገባ። በሩ ተዘጋ። ሲመለስ ሁሉም ተገጥሟል፣ ሳጥኑም ተከፍቷል። ሳጥኑ ሲከፈት አላየሁም። ልብ በሉ፣ አላየሁም።

ቤቴ ወስጄ አጫወትኩት። መጀመሪያው ላይ ደህና ነበር። ሸክላው ወደ መሃል ሲጠጋ ግን ዘፋኙ «ስ» እና «ሽ» ባለ ቁጥር ድምፁ እንደ ምራቅ መትፋት ጀመረ። ደወልኩ። «ካርትሪጁ መለማመድ አለበት፣ 50 ሰዓት ያጫውቱት፣ ከዚያ ይከፈታል» አለኝ። ይህ ውሸት አደገኛ የሆነው ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው። የአዲስ ካርትሪጅ ላስቲክ በአጠቃቀም ትንሽ እንደሚላላ አምራቾችም ይናገራሉ። የሚተፋ «ስ» ግን በመለማመድ አይድንም። ሻጩ የሚፈልገው 50 ሰዓቱን ሳይሆን የመመለሻው ቀን እንዲያልፍ ነው።

በነዚያ ቀናት ያጫወትኩት ደግሞ የአባቴን ሸክላዎች ነው። ይኼው ነው ከሁሉም በላይ ያቃጠለኝ። ያለቀ መርፌ ድምፅ ማበላሸት ብቻ አይደለም ሥራው። ጎኖቹ ተላግተው ስለት ይሆናሉ፣ ስለቱ የቦዩን ግድግዳ ይፍቃል። የተፋቀ ቦይ አይመለስም። ከእንግዲህ የዓለም ምርጥ ካርትሪጅ ባስቀምጥበትም ያቺ «ስ» እዚያ ሸክላ ላይ እየተፋች ትኖራለች።

ጥርጣሬዬ ሲበዛ ከኮምፒውተር ጋር የሚሰካ ትንሽ ማይክሮስኮፕ አመጣሁ። መርፌውን ጎን ለጎን መብራት አብርቼ አየሁት። የመርፌው ጫፍ የሆነው አልማዝ ክብ መሆን ሲገባው በግራና በቀኝ ሁለት የሚያብረቀርቁ ጠፍጣፋ ቦታዎች አሉት። አዲስ መርፌ እንዲህ አይሆንም። እንደ ኦርቶፎን ያሉ አምራቾች በጥሩ አያያዝ መርፌ እስከ 1000 ሰዓት ሊያገለግል እንደሚችል ይጽፋሉ። እኔ እጅ የገባው ያንን አብዛኛውን ሌላ ሰው ቤት፣ ወይም እዚያው ሱቅ ማሳያ ላይ የጨረሰ ነው። ፎቶውን መርፌ ለሚቀይር ባለሙያ ላክሁለት። እሱም ያለኝ ይህንኑ ነው፣ ብዙ መቶ ሰዓት የሠራ አልማዝ ነው።

በሚዛን ስለካው ሌላ ጉድ ወጣ። የካርትሪጁ ወረቀት መርፌው ሸክላው ላይ የሚያርፍበት ክብደት 2 ግራም ይሁን ይላል። የተገጠመልኝ በ1.4 ነው። ብዙ ሰው ቀለል ያለ ክብደት ለሸክላ ያዝናል ብሎ ያስባል። ተገላቢጦሽ ነው። መርፌው ቦዩን በደንብ ካልያዘ ይዘላል፣ ሲዘል ግድግዳውን ይመታል። ሻጩ ይህንን አያውቅም ለማለት ይከብደኛል።

እንግዲህ የተከዳሁባት ደቂቃ ይቺ ናት።

ሄድሼሉን (ካርትሪጁ የታሰረበትን የክንዱን ጫፍ) ከክንዱ ፈትቼ፣ የመርፌው መከላከያ ክዳን እንደተገጠመ፣ ከነሳጥኑ ወሰድኩለት። ከመውጣቴ በፊት ካርትሪጁን ከፊትም ከጎንም ፎቶ አንስቼዋለሁ። መርፌውን የተሸከመችው አሉሚኒየም ዘንግ ቀጥ ብላ ትታያለች። ሳጥኑን ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩና ነገሩን በትህትና አስረዳሁት። ማይክሮስኮፑ ያሳየኝን ነገርኩት። «እስቲ ልየው» አለ።

ነጭ ጓንቱ እዚያው ባንኮኒው ላይ ተጣጥፎ ተቀምጧል። አላነሳውም። ክዳኑን በጥፍሩ ነቀለ። ካርትሪጁን ገልብጦ መብራት ስር ያዘው። «ቆሽሿል እኮ ይሄ» አለ። ከዚያ አውራ ጣቱን መርፌው ላይ ጫነና ከፊት ወደ ኋላ ላገው። አንዴ ብቻ። ቀስ ብሎ።

ይህን ያነበባችሁ ሁሉ ክው እንደምትሉ አውቃለሁ። መርፌ የሚጠረገው በብሩሽ፣ ያውም ከኋላ ወደ ፊት ነው፤ ሸክላው ራሱ መርፌውን የሚስበው በዚያ አቅጣጫ ስለሆነ። ከፊት ወደ ኋላ መግፋት ዘንጓን ማጠፍ ነው። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ማጫወቻ የገዛ ልጅ እንኳ ከመመሪያው ወረቀት ያነበዋል። ይህ ሰው በየቀኑ ካርትሪጅ የሚገጥም ሰው ነው።

«ምን እያደረግህ ነው?» ብዬ ስጮህ ካርትሪጁን ወደኔ አዞረና ማጉያ መነጽሩን ገፋ አደረገልኝ። «እየው። ዘንጉ ታጥፏል። አንተ ነህ ያጠፍከው። ይሄ ዋስትና አይሸፍነውም።»

አየሁት። ዘንጓ ወደ አንድ ጎን ተጣማ ወደ ካርትሪጁ ሆድ ገብታለች።

«አሁን በጣትህ ገፋኸው እኮ፣ በዓይኔ እያየሁ!»

«እኔ? ይሄን ሥራ ስንት ዘመን ሠርቼ መርፌ አያያዝ አንተ ልታስተምረኝ?»

ስልኬን አውጥቼ ከመውጣቴ በፊት ያነሳሁትን ፎቶ አሳየሁት። ቀና ብሎም አላየውም። «በስልክ የተነሳ ፎቶ ለኛ ማስረጃ አይሆንም።» ቅድም የሳቀው ባልደረባ መጣ። ካርትሪጁን ሳያይ፣ ነገሩን ሳይጠይቅ «አንዳንድ ዕቃ ለሁሉም ሰው አይሆንም፣ ወንድሜ» አለኝ። እንዲህ ብሎኝ ፊቱን ወደ ኮምፒውተሩ አዞረ። እዚያው ቆሜ ሳለ ሌላ ደንበኛ ገባ። ሻጩ ጓንቱን አንስቶ አጠለቀና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እንኳን ደህና መጡ» አለው።

ብልጠቱ ይገባችኋል አይደል? መርፌው ያለቀ ነው ብዬ ነበር የመጣሁት። አሁን የታጠፈ ነው። ዘንጓ ከታጠፈች በኋላ ስለ አልማዙ ማን ያወራል? በሙቪንግ ማግኔት (በጥቅል ሽቦው ፋንታ ማግኔቱ የሚንቀሳቀስበት ዓይነት ካርትሪጅ) ቢሆን መርፌውን ነቅሎ ሌላ መግጠም ይቻላል። ሙቪንግ ኮይል ላይ መርፌው በአብዛኛው አይነቀልም። ወይ አምራቹ ሙሉውን በክፍያ ይቀይርልሃል፣ ወይ ባለሙያ ዘንግና አልማዝ ይተክልልሃል። ሁለቱም ከኪሴ ነው። ለዚህ ነው በዚያች አንድ ጣት ማስረጃዬንም ዕቃዬንም ባንዴ ያጠፋው። ሳያስበው ነው የሚለኝ ካለ፣ ጓንቱ ለምን እዚያ ተቀመጠ?

ቅሬታዬን በጽሑፍ አስገብቻለሁ። የከፈልኩበት ባንክ ክፍያውን እንዲያጣራልኝም ጠይቄያለሁ፣ ፎቶዎቹ ቀናቸው ተጽፎባቸው አሉኝ። ምን እንደሚመጣ እጽፍላችኋለሁ።

እናንተ ግን ካርትሪጅ ስትገዙ ሳጥኑ ፊታችሁ ይከፈት። ወደ ጓዳ የሚሄድ ከሆነ ተከትላችሁ ግቡ፣ ካልተቻለ ሳይገጠም ወስዳችሁ ራሳችሁ ግጠሙት። ክብደቱን በራሳችሁ ሚዛን ለኩ። ሲያሰሟችሁ የመጨረሻውን ዘፈን አስጀምሩ። «ይለማመዳል» የሚሏችሁን ከመመለሻው ቀን በፊት በጽሑፍ ይስጧችሁ። ዕቃ ልትመልሱ ከሄዳችሁ ደግሞ ከሳጥኑ ሲወጣ ጀምሮ ቪዲዮ ቅረጹ፣ እጁ ላይ ከማስቀመጣችሁም በፊት ጓንቱን እንዲያጠልቅ ንገሩት።