ማይክሮሜትርን በስንዝር ወይስ በፀጉር?

ማይክሮሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው። ናኖሜትር ደግሞ የማይክሮሜትር አንድ ሺኛ። ቁጥሩን መሸምደድ ቀላል ነው፤ በዓይነ ኅሊና ማየቱ ግን ይከብዳል። እስቲ በሰውነታችን እንለካው።

በስንዝር እንጀምር። የአዋቂ ስንዝር 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው እንበል። ይህ 200,000 ማይክሮሜትር ነው፤ በናኖሜትር 200 ሚሊዮን። ሸማ በክንድና በስንዝር ሲለካ እያየ ላደገ ሰው ስንዝር የቅርብ ዘመድ ነው። ግን 200 ሚሊዮን ሲባል ምን ይታያችኋል? እኔ ምንም አይታየኝም።

በፀጉር ሲሆን ነገሩ ይለወጣል። የአንዲት ፀጉር ውፍረት አብዛኛውን ጊዜ ከ50 እስከ 100 ማይክሮሜትር ነው። 80ን እንውሰድ። ቀይ የደም ሴል ወደ 8 ማይክሮሜትር ስፋት አለው። እንግዲህ 10 የደም ሴሎች ጎን ለጎን ቢሰለፉ የፀጉሯን ውፍረት ይሞላሉ። ይሄ ደስ ይላል! ልጅ እንኳ ይገባዋል። የኮሮና ቫይረስማ 100 ናኖሜትር ገደማ ስለሆነ 800 ያህሉ ይደረደራሉ።

በእርግጥ ፀጉርም ስንዝርም ከሰው ሰው ይለያያል። ሁለቱም ለግምት እንጂ ለቤተ ሙከራ አይሆኑም።

ለማይክሮሜትር ያለ ጥርጥር ፀጉርን እመርጣለሁ። ለናኖሜትር ግን ፀጉርም ይወፍራል። እዚያ ላይ ጥፍር ይሻላል። የእጅ ጥፍር በወር 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ያድጋል፤ ይህም በሰከንድ 1 ናኖሜትር ያህል ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር አንብባችሁ እስክትጨርሱ ጥፍራችሁ ጥቂት ናኖሜትር ጨምሯል።