ኢስታንቡልን ከውሃ ላይ ለማየት የትኛው ጀልባ ይሻላል?

ኢስታንቡል ሄዶ አያ ሶፍያንና የቶፕካፒን ቤተ መንግሥት ብቻ ጎብኝቶ የተመለሰ ሰው ከተማዋን በግማሽ ነው ያያት። ብዙዎቹ ቤተ መንግሥቶችና ምሽጎች ፊታቸውን ወደ ውሃው አዙረው ስለተሠሩ፣ ግርማቸው በደንብ የሚታየው ከጀልባ ላይ ነው። ኤሚኖኑ ወደብ ሲደርሱ ግን ምርጫው ግራ ያጋባል። የከተማው ጀልባዎች በአንድ በኩል ተደርድረዋል፣ በሌላ በኩል የአስጎብኚ ጀልባ ቲኬት ሻጮች ይጣራሉ፣ ሆቴሉ ደግሞ የእራት መርከብ እንዲይዙ ያግባባዎታል። ሁሉም የሚሄዱት በአንድ ውሃ ላይ ቢሆንም የሚያሳዩት ነገር በጣም ይለያያል።

መሻገሪያው ጀልባ

ነዋሪው ወደ ሥራና ወደ ቤቱ የሚመላለስበት ነው። ኢስታንቡልካርት የተባለውን የትራንስፖርት ካርድ መግቢያው ላይ አስነክቶ መግባት ነው፤ ካርዱ ለትራምና ለሜትሮም ያገለግላል። ከኤሚኖኑ ወይም ከካራኮይ ተነስቶ በእስያ በኩል ካለው ካዲኮይ ለመድረስ 20 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። በርካሽነት የሚወዳደረው የለም።

አስጎብኚ የለውም፣ እኔ ግን የከተማዋን ሕይወት እንደዚህ ጀልባ የሚያሳይ ነገር አላውቅም። ውጭ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጡ። ሻይ በትንሽዬ፣ ወገቧ ቀጠን ባለ ብርጭቆ ይመጣል። ተሳፋሪው ሰሊጥ ከተነሰነሰበት ክብ ዳቦ፣ ከሲሚት፣ እየቆረሰ ወደ ላይ ሲወረውር የባሕር ወፎቹ ከጀልባው ጎን ጎን እየበረሩ በአየር ላይ ይቀልቡታል። ለመመለሻ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የሚነሳውን ይምረጡ። አሮጌው ከተማ ከካዲኮይ በስተምዕራብ ስለሆነ የአያ ሶፍያ ጉልላትና የሱልጣን አህመድ መስጊድ ስድስት ሚናሬቶች ከቀላው ሰማይ ፊት ጠቁረው ይታያሉ።

ጉድለቱ ከተማዋን ለአውሮፓና ለእስያ የሚከፍለውን የቦስፎረስን ሰርጥ አፉ ላይ ብቻ አቋርጦ መመለሱ ነው። ወደ ውስጥ አይዘልቅም።

ረጅሙ የቦስፎረስ ጉዞ

ሼሂር ሃትላሪ የተባለው የከተማው የጀልባ ድርጅት የሚያካሂደው ይህ ጉዞ ጠዋት ከኤሚኖኑ ተነስቶ 30 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመውን ሰርጥ ሽቅብ ይወጣል፤ ማረፊያው ከጥቁር ባሕር ደጃፍ ያለችው አናዶሉ ካቫይ የተባለች መንደር ናት። በመንገድ ላይ በግራ በኩል በ1856 (ሁሉም ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተጠናቀቀው ዶልማባህቼ ቤተ መንግሥት ይመጣል፤ የዘመናዊት ቱርክ መሥራች አታቱርክ በ1938 የሞተው እዚህ ነው። ቀጥሎ በ1973 ከተከፈተው ድልድይ ሥር ማለት ይቻላል፣ የኦርታኮይ መስጊድ ውሃው ዳር ቆሟል።

የጉዞው ዋና ቦታ ግን ሩሜሊ ሂሳሪ ነው። የኦቶማኑ ሱልጣን ዳግማዊ መህመድ ቁስጥንጥንያን፣ የዛሬዋን ኢስታንቡል፣ ከመያዙ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1452፣ ያሠራው ምሽግ ነው። ትይዩው፣ በእስያ ዳርቻ፣ ቅድመ አያቱ ባየዚድ ያሠራው አናዶሉ ሂሳሪ አለ። ሰርጡ እዚህ ላይ እጅግ ይጠባል፤ ስፋቱ 700 ሜትር ገደማ ነው። በሁለቱ ምሽጎች መሃል ሲያልፉ ነገሩ ያለ ማብራሪያ ይገባዎታል፦ ከጥቁር ባሕር ለተከበበችው ከተማ እርዳታ ይዞ የሚመጣ መርከብ ከመድፉ ማምለጫ አልነበረውም።

መንደሯ ላይ ጀልባው ለምሳ ረዘም ላለ ሰዓት ይቆማል። ዓሣ በልቶ ወደ ዮሮስ ምሽግ ፍርስራሽ ዳገቱን ለሚወጣ ጥቁር ባሕር ወለል ብሎ ይታያል። አንድ ምክር፦ በሄዱበትም በተመለሱበትም በጀልባው ግራ በኩል ይቀመጡ፤ ሲሄዱ አውሮፓን፣ ሲመለሱ እስያን ያያሉ። ጉዞው ቀኑን ይበላል፣ በክረምት ነፋሱ ይበርዳል፤ ሁለት ቀን ብቻ ላለው ሰው አልመክርም።

አጭሩ ጉብኝትና የእራት መርከብ

ግማሽ ቀን ብቻ ላለው ሰው ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት የሚፈጀው አጭሩ ጉብኝት ጥሩ አማራጭ ነው። ከመክፈልዎ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ የሚመለሰው ከየት ነው? ሩሜሊ ሂሳሪ ሳይደርስ የሚዞር ከሆነ ይተውት።

የእራት መርከብ ከሁሉም ውድ ነው። ምግብ፣ ሙዚቃና ጭፈራ አለው፣ በመብራት ያጌጡት ድልድዮችም ያምራሉ። ሆኖም ዳርቻው በጨለማ በደንብ ስለማይታይ፣ ዓይንም ወደ መድረኩ ስለሚሳብ፣ ከተማዋን ለማየት ብሎ የሚገዛው ሰው ገንዘቡን ያባክናል። ለሠርግ ዓመት ወይም ከጓደኞች ጋር ለሚደረግ ድግስ ከሆነ ግን ይሁን፤ የመስኮት ዳር ቦታና መጠጥ በሒሳቡ ውስጥ መግባታቸውን አስቀድመው ያረጋግጡ።

ለእኔ የመጀመሪያው ምርጫ ረጅሙ ጉዞ ነው፤ ጊዜ ለሌለው ደግሞ የካዲኮይ መሻገሪያ። ቀኑን ሲመርጡ ዶልማባህቼ ሰኞ፣ ቶፕካፒ ደግሞ ማክሰኞ ዝግ መሆናቸውን ያስቡ፤ ከሁለቱ አንዱን ለጀልባው ቢሰጡ የቀሩት ቀናት ለቤተ መንግሥቶቹ ነፃ ይሆናሉ።