ምስጋና ለፒያሳው የፎቶ ኮፒ ቤት ልጅ፦ የአጎቴን 63 ሳጥን ሞዴል እንዴት እንደሸጠልን

ሰላም የጎንደር ልጆች፣ እንዴት ናችሁ። ዛሬ አንድ ሰው ማመስገን አለብኝ። ስሙን እንዳልጽፍ ስለለመነኝ አልጽፍም። ፒያሳ ትንሽ የጽህፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ልጅ ነው። ከዚያ ስራው ጎን ለጎን ሰው የማይፈልገውን ዕቃ ፎቶ ያነሳል፣ ዋጋ ያጣራል፣ በቴሌግራም ገዢ ፈልጎ በኮሚሽን ይሸጣል። ለኛ ቤት የዋለው ውለታ ግን በኮሚሽን የሚለካ አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አጎቴ ጀርመን 28 ዓመት በመካኒክነት ሰርተው፣ ጡረታ ሲወጡ አገራቸው ገቡ። ዕቃቸው ሲራገፍ ከልብሱና ከወጥ ቤቱ ዕቃ የበዛው የሚገጣጠም ሞዴል ነበር። አውሮፕላን፣ ታንክ፣ መርከብ፣ መኪና። ለማታውቁት ልንገራችሁ፣ ሳጥኑ ውስጥ ያለው የተሰራ አውሮፕላን አይደለም። ክፍሎቹ ናቸው። ቅርንጫፍ ላይ እንዳለ ፍሬ፣ በቀጭን የፕላስቲክ ዘንግ ላይ ተያይዘው ይመጣሉ። እየቆረጡ፣ እየሞረዱ፣ እያጣበቁ፣ ቀለም እየቀቡ ነው የሚሰራው። አንዱን ለመጨረስ ወር የሚፈጅበት ሰው አለ። ጋሼም "ጡረታ ስወጣ እሰራቸዋለሁ" እያሉ ሲገዙ ኖሩ። ጡረታው ሲመጣ ዓይናቸው ደከመ፣ እጃቸውም መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳጥኖቹ አራት ክረምት ዕቃ ቤት ውስጥ አሳለፉ። ባለፈው መስቀል ሰሞን ጠሩኝና "ልጄ፣ እኔ ከእንግዲህ አልሰራቸውም። ለሚሰራቸው ሰው ይድረሱልኝ" አሉኝ።

እኔ ስለ ሞዴል ምንም አላውቅም ነበር። መጀመሪያ ቁራሌው መጥቶ አየና ካርቶኑን ለብቻ፣ ፕላስቲኩን ለብቻ በኪሎ ልግዛችሁ አለ። ጋሼ ሰምተው ዝም አሉ። ቀጥሎ አንድ የመጫወቻ ዕቃ ነጋዴ መጣ። ሳጥኖቹን አገላብጦ ስድስቱን ወደ ጎን ለየ። "እነዚህ ካሉበት ሁሉንም በ8,000 ብር እወስዳለሁ፣ ከሌሉ አልፈልግም" አለኝ። ደክሞኝ ስለነበር እሺ ልል ምንም አልቀረኝም። የመስሪያ ቤት ጓደኛዬ ናት "ቆይ እስቲ፣ አንድ ልጅ ላሳይሽ" ያለችኝ።

ልጁ ቅዳሜ ከሰዓት ቤት መጣ። የመጀመሪያ ጥያቄው ስለ ዋጋ አልነበረም። ጋሼ ጎን ቁጭ አለና "አባባ፣ ከነዚህ ውስጥ የትኛውን ነው በጣም የሚወዱት?" አላቸው። ጋሼ ሁለት ሰዓት ሙሉ አወሩ። እንደዚያ ቀን ሲያወሩ ከሰማኋቸው ቆይቷል። 1/35 የሚባለው (ከእውነተኛው 35 ጊዜ የሚያንሰው) የታንኮች ልክ ከየት እንደመጣ እንኳ ያን ቀን ሰማሁ። የጃፓኑ የሞዴል ፋብሪካ ታሚያ የመጀመሪያውን ፓንተር ታንክ ሲሰራ ሞተርና ባትሪ እንዲይዝለት ነበር ያሰበው። በዚያ መጠን ተሰራ፣ ልኩም በዚያው ቀረ። ልጁ ይህን ሁሉ ደብተሩ ላይ ይጽፍ ነበር። በኋላ ማስታወቂያው ላይ ተጠቀመበት።

ከዚያ ቆጠራ ተጀመረ። እያንዳንዱ ሳጥን ቁጥር ተሰጠው። የፋብሪካው ስም፣ ልኩ፣ ሳጥኑ ላይ ያለው የዕቃ ቁጥር፣ ከረጢቱ ተከፍቷል ወይስ አልተከፈተም፣ ሁሉም ተመዘገበ። ልኩ ማለት ሞዴሉ ከእውነተኛው ስንት እጥፍ እንደሚያንስ ነው። ስፒትፋየር የሚባለው የእንግሊዝ ተዋጊ አውሮፕላን ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 11 ሜትር ከ23 ሴንቲሜትር ነው። በ1/72 ሲሰራ 15.6 ሴንቲሜትር ይሆናል፣ በ1/48 ደግሞ 23.4። ገዢ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንን ነው። 1/72 የሚሰበስብ ሰው 1/48 አይፈልግም።

የተከፈቱትን ሳጥኖች አንድ በአንድ ነጭ ጨርቅ ላይ ዘረጋቸው። የአሰራር መመሪያው ላይ የክፍሎቹ ካርታ አለ። እሱን ይዞ በእርሳስ ምልክት እያደረገ ቆጠረ። አንድ የጭነት መኪና ላይ ስንደርስ ቆም አለ። በድሮ ሞዴሎች ላይ ጎማው ለስላሳ ቪኒል ነው። ከጠንካራው ፕላስቲክ ጋር ተነካክቶ ዓመታት ሲቀመጥ ፕላስቲኩን ያሟሟዋል። የኛም ሁለት ቸርኬዎች ተበልተው ነበር። ጣቴን ሳስገባበት ጉድጓዱ እንደ ቀለጠ ሰም ለስልሷል። "ተወው፣ ይህን ባትጽፈውስ?" አልኩት። "እህቴ፣ ሳጥኑን ሲከፍት ያየዋል። ከኔ ቢሰማው ይሻላል" አለኝ። ጻፈው፣ ፎቶውንም አስጠግቶ አንስቶ ለጠፈ። መኪናው ዋጋው ቀንሶ በሳምንቱ ተሸጠ። ገዢው ሌላ ቸርኬ አለኝ ብሎ ነው የወሰደው።

ሌላው ችግር ዲካሉ ነበር። ዲካል ማለት በውሃ ረጥቦ ሞዴሉ ላይ የሚለጠፍ ስስ ምልክት ነው፤ የክንፉ ዓርማ፣ ቁጥሩ፣ ጽሁፉ። ክረምቱ ገብቶባቸው ብዙዎቹ ቢጫ ሆነዋል። ልጁ ሲያጣራ ሰንብቶ አንድ ነገር ይዞ መጣ። ቢጫ የሆነውን ዲካል በሚያሳይ ላስቲክ ውስጥ አሽጎ ፊቱን ወደ ፀሐይ አድርጎ መስኮት ላይ መለጠፍ። በአንዱ ብቻ እንሞክር አለ። የህዳር ፀሐይ ደግሞ ታውቋታላችሁ። የፎቶ ኮፒ ቤቱ መስኮት ላይ ለአስር ቀን ያህል ተለጥፎ ዋለ። ፎቶ ኮፒ ሊያስነሳ የመጣ ሁሉ "ምንድን ነው ይሄ?" ይላል። በአስረኛው ቀን ከሌሎቹ ጎን አስቀምጦ ፎቶ ላከልኝ። ቢጫው ከሞላ ጎደል ጠፍቷል። ከዚያ በኋላ የቀሩትንም በየተራ ሰቀላቸው። ሁለቱ አልዳኑም። የእነሱንም ዋጋ ቀነሰ።

ዋጋ አወጣጡ ላይ ብዙ ተምሬያለሁና ትንሽ ላብራራ፤ እንዲህ ያለ ዕቃ ቤታቸው ያለ ሰዎች እንደሚኖሩ አውቃለሁ። ሰው የሚሳሳተው የተጠየቀውን ዋጋ ሲያይ ነው። መጠየቅማ ማን ይከለክላል። ልጁ የሚያየው የተሸጠበትን ነው። ኢቤይ ላይ የተሸጡትን ብቻ ለይቶ ማየት ይቻላል። ስኬልሜትስ የሚባል ድረ ገጽ ደግሞ አለ፤ አንድ ሞዴል መጀመሪያ መቼ እንደወጣ፣ በየትኛው ፋብሪካ ሳጥን እንደገና እንደታሸገ ያሳያል። ይህ ለምን ይጠቅማል? ፕላስቲኩ የሚቀረጽበት ሞልድ አንዴ ከተሰራ ለብዙ አስር ዓመታት ያገለግላል። ፋብሪካው ድንገት ሞልዱን አውጥቶ እንደገና ሲያመርት፣ ጠፍቶ የነበረውና የተወደደው የድሮ ሳጥን ዋጋው ይወርዳል። ጋሼ "ይህ ወርቅ ነው" ይሉት የነበረ አንድ አውሮፕላን እንዲህ ሆኖ ተገኘ። በተቃራኒው ማንም ያላየው ትንሽ ሳጥን ከምርት ወጥቶ ዋጋው ጨምሯል። ነጋዴው ወደ ጎን ከለያቸው ስድስቱ አንዱ እሱ ነበር።

አሻሻጡን በሚመለከት ምርጫውን ለኛ ተወ። ለነጋዴ በጅምላ ብትሰጡ በአንድ ቀን ትገላገላላችሁ፣ ግን እሱም ሊያተርፍበት ስለሆነ የሚከፍለው ትንሽ ነው። አንድ በአንድ ከተሸጠ ዋጋው ጥሩ ነው፣ ወራት ግን ይፈጃል። በመሃል ያለው በጥቅል መሸጥ ነው። "ጥሩ ጥሩዎቹን ብቻ ከሸጥን ተራዎቹ እጃችን ላይ ይቀራሉ። እያንዳንዱ ጥቅል ውስጥ ሰው የሚፈልገው አንድ ይግባበት" አለን። በዚህ ተስማማን። 41ዱ አንድ በአንድ ተሸጡ። 14ቱ በሦስት ጥቅል ሄዱ። ክፍል የጎደላቸውን 8ቱን ለተማሪዎች በነጻ ሰጠናቸው፤ መለማመጃ ይሆናሉ። ጋሼ በደህና ጊዜያቸው ሰርተው የጨረሷቸውም ዘጠኝ ነበሩ። የተሰራ ሞዴል በመንገድ ይሰበራል፣ ፈላጊውም ጥቂት ነው። እነሱን አልሸጥንም፣ ሳሎን ናቸው።

ገዢዎቹ ከየት ከየት እንደመጡ ሳይ ገርሞኛል። አንዱ የባሕር ዳር ልጅ ዝቬዝዳ የሚባለው የሩሲያ ፋብሪካ የሰራውን 1/144 ድሪምላይነር ወሰደ። ሲያልቅ 39 ሴንቲሜትር የሚረዝም አውሮፕላን ነው። አየር መንገዳችን በ2004 ዓ.ም. በአፍሪካ የመጀመሪያውን ድሪምላይነር ሲረከብ ትንሽ ልጅ እንደነበረና ያን ጊዜ እንደወደደው ጽፎልናል። ትልቁን መርከብ፣ የታሚያውን 1/350 ያማቶ፣ ለጥምቀት ከውጭ የመጣ እንግዳ ገዛው። ተሰርቶ ሲያልቅ 75 ሴንቲሜትር ነው፣ ሳጥኑን የያዝኩት ሁለት እጄን ዘርግቼ ነው። እንግዳው ማጣበቂያውንና የኢናሜል ቀለሙንም ጨምሩልኝ አለ። ልጁ አይሆንም አለው። ተቀጣጣይ ስለሆነ ከሻንጣ ጋር አውሮፕላን ላይ አይወጣም። ሽያጭ ሊያጣ ይችል ነበር፣ ግን አስረዳው፣ ሰውየውም አመሰገነ። ቀለሙ እዚሁ ስዕል ለሚማር ልጅ ተሸጠ።

አዲስ አበባ የሚሄደውን በአውቶብስ ላከ። ሳጥን ላይ በቀጥታ ገመድ አያስርም፣ ጠርዙ ይጨፈለቃል። ለሰብሳቢ ደግሞ ሳጥኑ ላይ ያለው ስዕል ራሱ ዋጋ አለው። ስለዚህ በሌላ ካርቶን ውስጥ አስገብቶ፣ ዳር ዳሩን ጋዜጣ ሞልቶ ነው የሚያሽገው። አንድ ጊዜ አንድ ገዢ የቴሌብር ክፍያ ስክሪንሾት ላከና "ቶሎ ጫንልኝ፣ መኪናው ሊሄድ ነው" እያለ አጣደፈው። ልጁ ሂሳቡን አየ። ብር አልገባም። ስክሪንሾቱ የውሸት ነበር። ብሩ ሂሳብ ውስጥ ሳይታይ ዕቃ ከእጁ አይወጣም፤ እኔ ብሆን ጭኜ ነበር።

በጣም የነካኝን ልንገራችሁ። ጋሼ አብልጠው የሚወዱት ኢታሌሪ የሚባለው የጣሊያን ሞዴል ፋብሪካ የሰራውን ፊያት ሲ.አር. 42 ነው። ባለ ድርብ ክንፍ የጣሊያን ተዋጊ አውሮፕላን ነው። ጎንደር በምስራቅ አፍሪካ የጣሊያን የመጨረሻ ምሽግ ነበረች፤ የጣሊያኑ ጦር አዛዥ ጄኔራል ናሲ ህዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. እዚህ ነው እጁን የሰጠው። በመጨረሻዎቹ ወራት ከቀሩት ጥቂት አውሮፕላኖች መካከል ሲ.አር. 42 ይገኝበታል። ጋሼ ጀርመን ሱቅ ውስጥ ሳጥኑን ሲያዩት "ይሄማ የኛ ሰማይ ላይ የበረረ ነው" ብለው ነው የገዙት። ለዚህ ሳጥን ሁለት ገዢ መጣ። የአዲስ አበባው ብዙ ጨምሮ ሰጠ። ሁለተኛው እዚሁ ጎንደር የታሪክ አስተማሪ ነው፣ ከተማሪዎቹ ጋር ሊሰራው ነበር ያሰበው፣ ብሩ ግን አነስ ይላል። ልጁ የሁለቱንም ዋጋ ሳይደብቅ ይዞ መጥቶ "አባባ፣ የእርስዎ ነው፣ እርስዎ ይወስኑ" አላቸው። ጋሼ ለአስተማሪው አሉ። የልጁ ኮሚሽንም አብሮ ቀነሰ። አንድ ቃል አልተናገረም።

ባለፈው ሳምንት አስተማሪው ግማሽ የተሰራውን ፎቶ ላከ። ጋሼ ስልኩን ዓይናቸው ድረስ አስጠግተው "አተልቂልኝ" አሉኝ። አተለቅኩላቸው። የላይኛውንና የታችኛውን ክንፍ የሚያያይዙት ሰያፍ ድጋፎች ቀጥ ብለው መቆማቸውን አንድ በአንድ አስቆጠሩኝ። "ጎበዝ ነው፣ ይድረቅለት፣ አይቸኩል በይልኝ" አሉ። መልእክቱን አድርሻለሁ።

ሂሳቡን ልናገር። በአጠቃላይ 74,600 ብር ተሸጠ። ኮሚሽኑ አስር በመቶ፣ 7,460 ብር ነው። ቅድሚያ ክፍያ አልጠየቀም። የመላኪያውን ገዢ ነው የከፈለው። ከህዳር እስከ መጋቢት አምስት ወር ፈጅቷል። በየቅዳሜው ደብተሩን ይዞ እየመጣ የተሸጠውን፣ የገዢውን ከተማና ቀኑን እያሳየ አስፈርሞናል። የሚቸኩል ሰው እንደማይስማማው ግን እወቁ። በፈተና ሰሞን ሱቁ በተማሪ ስለሚጨናነቅ ስልክ ቶሎ አያነሳም፣ አንዳንዴ መልስ ለማግኘት ሁለት ቀን ጠብቄያለሁ።

የድሮ ካሜራ፣ ቴምብር፣ የሙዚቃ ካሴት፣ ምንም ይሁን፣ ቤታችሁ የተቀመጠና ለሚወደው ሰው እንዲደርስ የምትፈልጉት ነገር ካለ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ስልኩን እሰጣችኋለሁ። ከመሄዳችሁ በፊት ዕቃውን አታጥቡ፣ ሳጥኑን አትጣሉ፣ የተቀደደውንም ወረቀት ቢሆን አብራችሁ ያዙ። መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።

ወንድሜ፣ ይህን እንደምታነበው አውቃለሁ። ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ ብለውሃል። ቅዳሜ ቡና አለ፣ ሱቅ ዘግተህ ና።