የጋዝ ብረት ምጣዴ ከ14 ወር በኋላ፦ ነገሩ ሁሉ የማሟሸት ነው

ባለፈው ዓመት፣ የፍልሰታ ጾም በተፈታበት ሳምንት እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ ለመጡ እንግዶች ጓሮዬ ውስጥ በሠራሁት የእንቁላል ፍርፍር ላይ ጥቃቅን ጥቁር ቅንጣቶች ታዩ። አንዷ እንግዳዬ ጨዋነቷ አስገድዷት «ጥቁር አዝሙድ አድርገሽበታል እንዴ?» ስትል ጠየቀችኝ። ጥቁር አዝሙድ አልነበረም፤ ከ400 ዶላር በላይ የከፈልሁበት የብረት ምጣድ ቆዳውን እየላጠ ምግቡ ላይ እያራገፈ ነበር።

እዚህ ሜሪላንድ ግሪድል የሚሉት ይህ ዕቃ 91 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ጠፍጣፋ ብረት በ4 የጋዝ ማንደጃዎች ላይ ተጭኖ፣ ከሥሩ 9 ኪሎ ፕሮፔን የሚይዝ ሲሊንደር የሚሰካበት ነው። ያስገዛኝ ሥጋ ሳይሆን ሽንኩርት ነው። ቁሌት በጀመርሁ ቁጥር የቤቱ የጭስ ማስጠንቀቂያ ይጮኻል፤ ልጆቼ ፎጣ ይዘው ወንበር ላይ ይወጣሉ፤ ሽታው ደግሞ ካፖርቴ ላይ ተቀምጦ ሰኞ ቢሮ ድረስ አብሮኝ ይሄዳል። ከዚህ ሁሉ ገላግሎኛል፤ ጥብሱም ጥሩ ነው።

ጠቤ ከሻጩ ጋር ነው። ብረቱ ከፋብሪካ ተዘጋጅቶ ስለሚመጣ አጥቦ መጥበስ ብቻ እንደሚቀረኝ ፈገግ ብሎ ነገረኝ። ወንድሜ፣ እኔ በዚያ ብረት ላይ ያገኘሁት በመንገድ እንዳይዝግ የተቀባ ስስ ቅባት ብቻ ነው። አዲስ ምጣድ ሳይሟሽ ሊጥ እንደማይፈስበት እኛ ቤት የሰባት ዓመት ልጅ ታውቃለች። እንዲያውም ይበልጥ የሚያናድደኝ ይህ ነው፤ ምጣድ ሲሟሽ እያየሁ ያደግሁ ሴት፣ ምጣድ ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ያለኝን አምኜ ወደ ቤቴ ሄድሁ። የመጀመሪያው ሥጋ ከብረቱ ጋር ተጣብቆ በመፋቂያ ከተነሣ በኋላ ነው የመመሪያውን ወረቀት ፈልጌ፣ በደቃቅ ፊደል የተጻፈችውን «ዘይት ቀብተው ጭሱ እስኪያልቅ ያግሉት» የምትለውን መስመር ያገኘሁት።

በዚህ ጊዜ ሁለተኛውን ስሕተት ሠራሁ፤ ይህኛው የራሴ ነው። በተልባ ዘይት አሟሸሁት። ተልባን የመረጥሁት ለዚህ ሥራ ከዘይት ሁሉ ይበልጣል ተብሎ ሲወደስ በኢንተርኔት ስላነበብሁ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ ተልባ የእኛ ስለሆነ አዳላሁለት። ውዳሴው ከመሬት የተነሣ አይደለም። ዘይት በጋለ ብረት ላይ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ሲዋሐድ እርስ በርሱ ይያያዝና ጠጣር ሽፋን ይሆናል፤ ተልባ በዚህ ጠባዩ ከአብዛኞቹ የምግብ ዘይቶች ስለሚፈጥን ነው ሠዓሊዎችም ቀለማቸውን የሚያዋሕዱበት። ይሁን እንጂ እንደ ቀለም የሚደርቅ ነገር እንደ ቀለም ይሰነጠቃል። በዚያ ላይ እጄ ከብዶ አብዝቼ ቀባሁት። የሸክላ ምጣድ የጎመን ዘሩን ቅባት ወደ ውስጥ ይመጠዋል፤ ብረት ግን የሚመጥበት ቀዳዳ ስለሌለው የተረፈው ዘይት ከላይ ተኝቶ እንደ ሙጫ ይደርቃል። ለሰባት ሳምንት ያህል እንደ መስተዋት አብረቀረቀ፤ እኔም ለጎረቤቱ ሁሉ አሳየሁት።

ካየው አንዱ ባልቲሞር ተወልዶ ያደገው የአጥር ተጋሪዬ ነበር። ጁላይ 4 ቀን ማንደጃው ተበላሽቶበት፣ በሕይወት ያሉ የቼሳፒክ ሰማያዊ ሸርጣኖች በእንጨት ቅርጫት ሞልቶ መጣ። እኔ ሸርጣን አልበላም፤ ክንፍና ቅርፊት ስለሌለው የውኃ ፍጥረት በኦሪት ዘሌዋውያን የተጻፈውን ቤተሰቤ እስከ ዛሬ ይጠብቃል። ነገር ግን ድስቱ የራሱ ነው፣ ከእኔ የሚፈልገው እሳት ብቻ ነው ብዬ ፈቀድሁለት። ሜሪላንዶች ሸርጣን አይቀቅሉም፤ ከድስቱ ሥር አቼቶና ቢራ እኩል አድርገው ያፈላሉ፣ ሸርጣኑን ከፈሳሹ በላይ ባለ ወንፊት ላይ ይደረድራሉ፣ በየድርድሩ መካከል ጨውና ኦልድ ቤይ የሚባለውን የቅመም ድብልቅ ይነሰንሳሉ፣ ከዚያም ሰማያዊው ወደ ደማቅ ቀይ እስኪለወጥ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በእንፋሎት ያበስላሉ። ኦልድ ቤይን ከናዚ ጀርመን ሸሽቶ ባልቲሞር የገባው ጉስታቭ ብሩን እ.ኤ.አ. በ1939 እንደጀመረው ጎረቤቴ በኩራት ሲተርክልኝ፣ እኔም ስለ እናቴ በርበሬ ተርኬለት እኩል ወጣን።

ጨዋታው ደስ ቢልም ሥራው አልሄደም። ነበልባሉ ድስቱን አያገኘውም፤ መጀመሪያ ወፍራሙን ብረት ማጋል አለበት፣ ከዚያ ነው ሙቀቱ ወደ ድስቱ የሚያልፈው። አራቱም ማንደጃ ተከፍቶ እስኪፈላ አንድ ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ቀረው። ሲፈላ ደግሞ ክዳኑን ገፍቶ ገነፈለ፤ አቼቶና ጨው የተቀላቀለበት ፈሳሽ በጋለው ብረት ላይ እየተንጫጫ ተዘረጋ። ጎረቤቴ ይቅርታ እየጠየቀ በእርጥብ ጨርቅ ጠረገው፤ እኔም ሽፋኑን አለበስሁት። በሦስተኛው ቀን ስገልጠው ድስቱ የተቀመጠበት ቦታ ክብ ሆኖ እንደ አዋዜ ቀልቷል። አቼቶ በሽፋኑ ስንጥቅ ገብቶ ብረቱን በልቶታል፣ ጨው ደግሞ ዝገቱን አፋጥኖታል። እኔ ግን ላይ ላዩን ፈግፍጌ፣ ዘይት ደርቤ ጉዳዩን ዘጋሁ። የነሐሴው «ጥቁር አዝሙድ» የመጣው ከዚያ ነው።

በዚያው ዕለት ማታ ደብረ ብርሃን ላለችው እናቴ ደወልሁ። በምን እንዳሟሸሁት ጠየቀችኝ። «በተልባ» አልኋት። ትንሽ ዝም አለችና ሳቀች። «ተልባ ይጠጣል እንጂ ይሟሽበታል ልጄ? ጎመን ዘር አጣሽ?»

ጎመን ዘር እንኳ በቅርቤ አልነበረም፤ ካኖላ ግን ካናዳውያን ከጎመን ዘር ዘመዶች አዳቅለው ያወጡት ስለሆነ የሥጋ ዝምድናውን ቆጥሬ እሱን ያዝሁ። ብረቱ ነጭ ሆኖ እስኪገለጥ ድረስ በመፋቂያና በብረት ሱፍ አንድ ሙሉ ከሰዓት ፋቅሁት። ከዚያም አንድ ማንኪያ ዘይት ብቻ ቀብቼ፣ ቀጥሎ ምንም እንዳልቀባሁ ያህል በደረቅ ጨርቅ አበስሁት፤ ጭሱ እስኪያልቅ አግዬ፣ አብርጄ፣ አምስት ጊዜ ደጋገምሁት። ቀለሙ እንደሚቆላ ቡና ነበር የሄደው፤ መጀመሪያ ገረጣ፣ ሦስተኛው ላይ ቡላ መሰለ፣ አምስተኛው ላይ ጠቆረ። እንደ መስተዋት አያብረቀርቅም፤ እንቁላል ግን ሳይያዝ ይንሸራተትበታል። ከዚያ ወዲህ ማሰሻ ጨርቅ በማንደጃው ጎን ተንጠልጥሎ ይኖራል፤ ጠብሼ ስጨርስ ብረቱ ሳይበርድ በስሱ አስሰዋለሁ።

ሻጩ ደግሞ ፓንኬክ የወጣበት እንጀራ አያቅተውም ብሎኝ ነበር። ያቅተዋል። ከማንደጃዎቹ በላይ ያለው ብረት ሲያር በመካከላቸው ያለው ለብ ብሎ ይቀራል፤ አክምባሎ ገጥሞ እንፋሎቱን መያዝም አይሆንም። ዓይኑ ግማሽ የሆነ፣ ጠርዙ የደረቀ ነገር ሁለት ጊዜ አውጥቼ ተውሁት።

ትልቁ ፈተና ዐቢይ ጾም ነበር። እኛ ቤት ይህ ምጣድ የጥብስና የእንቁላል ስለሆነ 55 ቀን ሙሉ በሽፋኑ ሥር ተኛ። መመሪያውን የጻፉት ሰዎች ሁለት ወር ሊጠጋ ለሚጾም ቤተሰብ አላሰቡም። ሽፋኑ ዝናቡን ይከለክላል፤ ሌሊት ከመሬት የሚነሣውን እርጥበት ግን አፍኖ ያስቀራል። የፋሲካ ዕለት ጠዋት እጄ እየፈራ ገለጥሁት። በአንድ ጥግ የሳንቲም ያህል ዝገት ብቻ ነበር፤ ጠርጌ፣ አስሼ፣ ጥብሱን ጀመርሁ። በነሐሴ ብትጠይቁኝ ኖሮ ገንዘቤን መልሱልኝ እል ነበር፤ ዛሬ ቢሰረቅብኝ ሌላ እገዛለሁ። ከዚያው ሻጭ ግን አይደለም።

ዘንድሮ ጁላይ 4 ጎረቤቴ ከነሸርጣኑ ተመልሶ መጣ። አሁን ባለ ሦስት እግር የጋዝ ምድጃ ገዝቷል፤ ሣሩ ላይ ተክሎ ድስቱን ጣደ፣ ፈሳሹም ወዲያው ፈላለት። እኔ በብረቴ ላይ በቆሎና ቃሪያ ጠበስሁለት። የአቼቶውን ጠርሙስ የምጣዴ ጠርዝ ላይ ሲያስቀምጠው፣ ምንም ሳልናገር አንሥቼ ከምድጃው ሥር አኖርሁለት።