ቁጡ የሚባሉ ታራንቱላዎች ሲነጻጸሩ፦ የትኛዋን ልግዛ?

አዲስ አበባ ያደገ ሰው በየግቢው በር ላይ «ተናካሽ ውሻ አለ» የሚለውን ጽሑፍ ሳያነብ አላለፈም። ያ ውሻ ሰው ፍለጋ ሰፈር አያስስም፤ አጥሩን ለተሻገረ ነው የሚናከሰው። ታራንቱላ የሚባሉትን ጸጉራም ትልልቅ ሸረሪቶች እዚህ ቨርጂኒያ ቤቴ ውስጥ ማኖር ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። «ጠበኛ ናት፣ ተጠንቀቅ» እየተባለች የተሸጠችልኝ ሁሉ እንደዚያ ውሻ ናት። ሳይደርሱባት አትደርስም። ልዩነቱ ያለው «ደረሱብኝ» የምትልበት ወሰን ላይና ያን ጊዜ በምትመዘው መሣሪያ ላይ ነው፤ አንዷ ትሸሻለች፣ ሌላዋ ጸጉር ትበትናለች፣ ሌላዋ ደግሞ ትነክሳለች። ስለዚህ ለመግዛት ያሰበ ሰው «ቁጡ ናት ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ ብዙም አይጠቅመውም። ስትቆጣ ምን እንደምታደርግና ያንን በቤቱ መቻል አለመቻሉን ይጠይቅ።

ጸጉር ወይስ መርዝ

የታራንቱላ ዝርያ ከአንድ ሺህ በላይ ነው። ገዢን መጀመሪያ የሚጠቅመው ግን የትውልድ አገሯን ማወቅ ነው። ከሰሜንና ከደቡብ አሜሪካ የሚመጡት አብዛኞቹ ሆዳቸው ላይ እንደ ሳማ የሚለበልብ ጸጉር አላቸው። ሲደነግጡ በኋላ እግራቸው ሆዳቸውን ቶሎ ቶሎ ይፈገፍጉታል፤ ጸጉሩም እንደ ደቃቅ አቧራ ይበናል። የአፍሪካና የእስያዎቹ ይህ ጸጉር የላቸውም። ከሩቅ የሚያባርሩበት ነገር ስለሌላቸው የሚቀራቸው መሮጥ ወይም መንከስ ነው፤ ሁለቱንም አሳምረው ያውቁበታል። መርዛቸውም ከአሜሪካዎቹ ይበረታል።

በታራንቱላ ተነክሶ ሞተ ተብሎ የተረጋገጠ ሰው አይታወቅም። ይህን የምጽፈው ፍርሃት ለመቀነስ እንጂ ነገሩን ለማቅለል አይደለም። የአንዳንዶቹ ንክሻ ሰውን ለቀናት ከሥራ ያስቀራል። ማርከሻ ተብሎ የሚሰጥ መድኃኒትም ስለሌለ ሐኪም የሚያክመው ሕመሙንና የጡንቻውን ሽምቅቅታ ነው።

«የረጋች» የምትባለዋም ብትሆን መሣሪያዋን አልጣለችም። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2009 መጨረሻ ያወጣውን ጉዳይ ልብ በሉ። በእንግሊዝ ሊድስ ከተማ አንድ ሰው የሸረሪቱን ቤት መስተዋት ሲያጸዳ ሸረሪቷ ጸጉሯን ፊቱ ላይ በተነችበት። ዓይኑ ለሦስት ሳምንት ያህል ቀልቶ፣ እያለቀሰና ብርሃን እያስጠላው ሲቆይ ሐኪም ዘንድ ሄደ። ሐኪሞቹ በማጉያ መሣሪያ ሲያዩ ጸጉሮቹ የዓይኑ ፊተኛ ሽፋን ውስጥ ተሰክተው አገኙ፤ በጣም ደቃቅ ስለነበሩም ነቅለው ማውጣት አልቻሉም። ያቺ ሸረሪት የቺሊ ሮዝ ናት፤ በየሱቁ «ለጀማሪ ትሆናለች» እየተባለች የምትሸጠዋ።

ብርቱካናማዋ

ስሟ ከሁሉ በላይ የጠፋው ከምሥራቅና ከደቡባዊ አፍሪካ የምትመጣው ፕቴሪኖኪለስ ሙሪነስ ናት። ስሙን የሰጣት ፖኮክ የተባለው እንግሊዛዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1897 ነው። «ሙሪነስ» በላቲን አይጥማ እንደማለት ነው፤ በተፈጥሮ ግራጫና ቡናማ የሆኑም አሉና። ገበያውን የያዘችው ግን ታንዛኒያ ውስጥ በኡሳምባራ ተራሮች ስም የምትጠራው ፍም የመሰለች ብርቱካናማ ናት። እግሯ ተዘርግቶ ሲለካ እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል።

የመጀመሪያዋን የገዛሁት አድጋ ነው። ሻጩ የሰጠኝ ሁለት ጣት የማይሞላ አፈር ባለበት፣ መደበቂያ በሌለው፣ ከአራቱም ጎን በሚያሳይ የፕላስቲክ ዕቃ ነበር። ክዳኑን በከፈትኩ ቁጥር በኋላ እግሮቿ ላይ ትቀመጥና የፊቶቹን አራት እግሮች ወደ ላይ ትሰቅላለች፤ ከሥር ጥቁር ክራንቾቿ ተከፍተው ይታያሉ፣ ጫፋቸው ላይ ደግሞ እንደ ጤዛ የጠራ የመርዝ ጠብታ። ውሃ ስጨምርላት የሚወርደውን ውሃ ሳይቀር በእግሯ ትመታዋለች። በሳምንቱ ልመልሳት አስቤ ነበር።

ከመመለስ ይልቅ ቤቷን ቀየርኩላት። 15 ሳንቲ ሜትር ደረቅ አፈር ሞላሁ፣ የቡሽ ዛፍ ቅርፊት አጋድሜ አስደገፍኩ፣ ከዚያ በኋላ አልነካኋትም። በሁለት ሌሊት ሣጥኑን በድር ሞላችው። ከቅርፊቱ ሥር የሚጀምር፣ ክንድ የሚያህል የድር ዋሻ ሠራች፤ ድሩ በወረንጦ ሲነካ እንደ ስስ ወረቀት ይንኮሻኮሻል። የውሃ ዕቃዋን እስከዛሬ በየሳምንቱ አፈር ትሞላዋለች። ያንን እግር የመስቀል ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ያየሁት ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። ክዳን ሲከፈት የማየው ብርቱካናማ ብልጭታ ወደ ውስጥ ሲገባ ነው፤ በቃ። ሸረሪቷ ያው ናት፣ ጠባይዋ አልተለወጠም። መግቢያ አገኘች እንጂ።

ስለዚህ ቪዲዮ ላይ ክራንቿን ገጥጣ የምታዩዋት ታራንቱላ ላይ ከመፍረዳችሁ በፊት የቆመችበትን አፈር ተመልከቱ። አብዛኛውን ጊዜ መሸሸጊያ የሌላት ናት።

ይህን ያህል ከተከራከርኩላት በኋላ እውነቱን ልጨምር። ለጀማሪ አልመክራትም። ንክሻዋ ወዲያው የሚያቃጥል፣ የሚያሳብጥና ጡንቻ የሚሸመቅቅ ነው፤ ሕመሙ ቀናት ሊወስድ ይችላል። ሩጫዋም ዓይን አይከተለውም። አደጋው ያለው ቤት ስትቀይሩላት ነው። እኔ መታጠቢያ ክፍል ገብቼ በሩን ዘግቼ፣ በበሩ ሥር ያለውን ክፍተት በፎጣ ደፍኜ፣ የውሃ መውረጃውን ወትፌ፣ ሁለቱንም ሣጥን ገንዳው ውስጥ አስቀምጬ ነው የማዛውራት። ኩባያ፣ ወፍራም ካርቶንና ረጅም ለስላሳ የቀለም ብሩሽ ይበቃሉ። ጣት በምንም መንገድ አይገባም። ብዙ ስለምትወልድና በሰው ቤትም በቀላሉ ስለምትራባ ዋጋዋ ርካሽ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው፤ ርካሽና ቆንጆ ስትሆንበት ሌላውን ሳይጠይቅ ይገዛታል።

ሰማያዊዋ የሶኮትራ ሸረሪት

ሞኖሴንትሮፐስ ባልፎሪ ከአፍሪካ ቀንድ ፊት ለፊት ካለችው ከሶኮትራ ደሴት ናት። እሷንም ፖኮክ በዚያው በ1897 ነው የሰየማት፤ ስሟ በ1880 ወደ ደሴቲቱ የዘመተውን ስኮትላንዳዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ባልፎርን ያስታውሳል። እግሯ ሰማያዊ፣ ጀርባዋ ነጣ ያለ ቡኒ። እንደ ብርቱካናማዋ ፈጣን ናት፣ ደረቅ አፈር ትወዳለች፣ በድር ትሸፈናለች፣ የሚለበልብ ጸጉርም የላትም። በመጠንም ብዙ አይለያዩም።

ሁለቱን የሚለያቸው ማኅበራቸው ነው። ታራንቱላዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም አንድ ሣጥን ውስጥ ሲገቡ ይባላላሉ። ባልፎሪ ግን ከእህት ከወንድሞቿ ጋር አብራ ትኖራለች፤ እናት ያረደችውን ፌንጣ ልጆቿ ከበው ሲበሉ ማየት ይቻላል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሲባል የሰማሁትን ያህል በዓይኔ ያየሁት ስምንቱን አንድ ላይ ካስገባሁ በኋላ ነው፤ ድሩ ከጥግ እስከ ጥግ ተያይዞ ሣጥኑ አንድ ቤት ሆነ። ጠባይዋም ከብርቱካናማዋ ትንሽ የረጋ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ሦስቴ ሸሽታ ቦታ ስታጣ ነው የምትቆመው።

ሆኖም ቡድን መግዛት ወጪው ይበዛል። ከገንዘቡ በላይ ያደከመኝ ግን ቤት የቀየርኩላቸው ቀን ነው። ስምንት ፈጣን ሸረሪት በአንድ ሣጥን ማለት በአንድ ምሽት ስምንት ጊዜ የማምለጥ ዕድል ማለት ነው። በደንብ የሚተኩር ሌላ ሰው አጠገባችሁ ከሌለ አትሞክሩት። ከሁለቱ አንዷን ምረጥ ብትሉኝ፣ ልምድ ላለውና ሳሎን ውስጥ የሚታይ ነገር ለሚፈልግ ባልፎሪን፣ አንዲት ጠንካራ ሸረሪት ለሚፈልግ ብርቱካናማዋን እላለሁ።

ግዙፏ

ቴራፎሳ ብሎንዲን ሰው የሚገዛት ለመጠኗ ነው። በሰሜናዊ ደቡብ አሜሪካ ደን ውስጥ የምትኖር፣ እግሯ ተዘርግቶ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሊደርስ የሚችል፣ በክብደት ከታራንቱላዎች ሁሉ አንደኛ ናት። ስትቆጣ የእግሯን ጸጉር እርስ በርሱ አፋትጋ እንደ እባብ ትነፋለች፤ ድምፁ ከሌላ ክፍል ይሰማል። መርዟ ከአፍሪካዎቹ የቀለለ ነው፤ ክራንቿ ግን ከ2 ሳንቲ ሜትር በላይ ስለሆነ ቀዳዳው ራሱ ጉዳት ነው።

እኔን ያማረረኝ ግን ጸጉሯ ነው። ከታራንቱላዎች ሁሉ ክፉኛ ከሚለበልቡት አንዱ ነው። የጣለችውን ቆዳ አንድ ጊዜ በባዶ እጄ አነሳሁ፤ ቆዳው ላይ የቀረው ጸጉር በጣቶቼ መሃል ገብቶ አምስት ቀን እንቅልፍ ነሳኝ፣ ውሃ ሲነካው ይብስ ነበር። ጸጉሩ አፈሩም፣ ክዳኑም፣ ወረንጦውም ላይ አለ። ሳትቆጣም ቤቷን በጸጉር ትቀባለች። ጓንት፣ የዓይን መከላከያና ማስክ ሳላደርግ ዛሬ ክዳኗን አልከፍትም። እርጥብ አፈርም ትፈልጋለች፤ ሲደርቅባት ቆዳ መቀየር ያቅታታል፣ አየር ሳይዘዋወር ሲረጥብ ደግሞ ይሻግታል። ዋጋዋም ከፍ ያለ ነው። በዝና ከብርቱካናማዋ ታንሳለች፤ አብሮ ለመኖር ግን ለእኔ ከብዳኛለች። አለርጂ ወይም አስም ያለበት ሰው ካለ ወደ ቤት ባትገባ ይሻላል።

ዛፍ ላይ የምትኖረዋ

የሕንዷን ፔሲሎቴሪያ ሬጋሊስ በአጭሩ። ባለ ጥለት ጀርባዋ እጅግ ውብ ነው። ስትደነግጥ ወደ ላይ ነው የምትሮጠው፤ ወደ ላይ ማለት ደግሞ በወረንጦው ወጥታ እጃችሁ ላይ ማለት ነው። የዚህ ወገን ንክሻ ያመጣው የጡንቻ መሸማቀቅ ቀለል ካለ በኋላ ከቀናት ቆይቶ እንደገና ሊመለስ ይችላል። ለጀማሪ ፈጽሞ አትሆንም።

ወረቀትም ጠይቁ። የፔሲሎቴሪያ ወገን በሙሉ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት፣ በሳይተስ፣ ሁለተኛ ሰንጠረዥ ውስጥ ገብቷል። አሜሪካ ላላችሁ ደግሞ አምስት የስሪላንካ ዝርያዎቹ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ ሊጠፉ ከተቃረቡት ተመድበዋል፤ ያለ ፈቃድ ከአንዱ ስቴት ወደ ሌላው መሸጥ አይቻልም። ሬጋሊስ ከአምስቱ አይደለችም፤ ግን ሻጩ ስሟን ሲሳሳት ዋጋ የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ።

ታዲያ ለመጀመሪያ ጊዜ?

የሜክሲኮዋን ቀይ ጉልበት፣ ብራኪፔልማ ሃሞሪን፣ ወይም የብራዚሏን ጥቁር ከፋይ የመሰለች ግራሞስቶላ ፑልክራን ያዙ። ቀስ ብለው ያድጋሉ፣ ቀስ ብለው ይሄዳሉ፣ ሴቶቹ ሃያ ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራሉ። ጸጉር እንዳላቸው ግን አትርሱ፤ ፊታችሁን ሣጥኑ ላይ አትድፉ።

ቤት ውስጥ ውሻ ካለ የአፍሪካና የእስያዎቹን ተዉአቸው። አውስትራሊያ ውስጥ በዚያው አገር ታራንቱላዎች የተነከሱ ውሾች በአጭር ጊዜ እንደሞቱ በሕክምና ጽሑፍ ተመዝግቧል። ሰውን የማይገድል ውሻንም አይገድልም ብሎ ማሰብ አደገኛ ነው።

ስትገዙ ከዱር የተያዘች ሳትሆን በሰው ቤት የተወለደች መሆኗን አረጋግጡ። ሴት ናት ከተባለ በጣለችው ቆዳ ውስጠኛ ክፍል ታይቶ እንደሆነ ጠይቁ፤ በግምት «ሴት ትመስላለች» የሚል ሻጭ የሴት ዋጋ አይከፈለውም። ወንዱ ለአቅመ ወንድነት ከደረሰ ብዙ አይቆይምና ልዩነቱ የዓመታት ነው። ሆዷ የተሸበሸበችውን አትውሰዱ። ሻጩ እጁ ላይ አውጥቶ «እይዋት፣ አትነክስም» ካላችሁ ደግሞ ለእሷ እዘኑላት፤ ከደረት ከፍታ የወደቀች ከባድ ሸረሪት ሆዷ ፈንድቶ ልትሞት ትችላለች።

ሣጥኑን ከሸረሪቷ በፊት አዘጋጁ። አፈሩ በቂ ጥልቀት ይኑረው፣ ጠቅጠቅ ይደረግ፣ ጣት የሚያህል ጉድጓድ እናንተው ጀምሩላት። ስትገባ ውሃ ብቻ አስቀምጡ። ምግቡ ሳምንት ይቆይ፤ መብራቱን አጥፉላትና ሌሊቱን ትቆፍርበት።